የመምህር አስራት እጅ

ባለፈው ጥር ቢቸና ላይ የእህቴን ልጅ ስንድር፣ አንድ ጎረምሳ ኪቦርድ ታቅፎ መጣ። ብቻውን ነው። አንዱን ሲጫን ማሲንቆ፣ ሌላውን ሲጫን ዋሽንት፤ ከበሮውማ ማንም ሳይነካው ራሱን ይመታል። ሰው ሁሉ ጨፈረ። እኔ ዱለቱን ትቼ ከድንኳኑ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መምህር አስራት ትዝ አሉኝ።

መምህር አስራት ከወለጋ ተመድበው የመጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። እኛ አገር ማሲንቆም ክራርም ሞልቷል፤ ግን ሁሉም ለየብቻው ነው። እሳቸው አንድ ላይ ላድርገው ብለው ተነሱ። ከቢቸናም ከሞጣም የሚጫወት ሰው ለቃቀሙ፣ ባዶ የእህል መጋዘን ለምነው አስከፈቱ፣ ኦርኬስትራ አሉን። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ክራር በጆሮዬ የለመድኩ ልጅ ነበርኩ። የጤፍ ብናኝ እያስነጠሰን እንለማመዳለን። ለእኔ ከዚያ መጋዘን ሌላ ደስ የሚል ቦታ አልነበረም።

ችግሩ ዓይን ነበር። የማሲንቆ ሰው የሚያየው እንግዳውን ነው፤ ማን ፈገግ አለ፣ ማን እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ ግጥሙን ከዚያ ያመጣል። መምህር ደግሞ እኔን ብቻ እዩ ይላሉ። የሁላችን ታላቅ አያ ጥጋቡ ነበር፤ እሱ ያልዘፈነበት ሰርግ አገራችን ውስጥ የለም።

«አያ ጥጋቡ፣ እባክህ እጄን እይ» ይሉታል።

«እርስዎን አይቼ ምን ላገኝ መምህር? ኪስዎን እንደሆነ አውቀዋለሁ።»

መጋዘኑ በሳቅ ይሞላል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ክረምቱ ሲወጣ ግን አያ ጥጋቡም እጃቸውን ማየት ለመደ። ሁላችን በአንድ ትንፋሽ የጀመርን ቀን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ያንን ድምፅ ዳግም የትም አልሰማሁትም።

ከዚያ ከዞን አንድ ኃላፊ ሞጣ መጥተው ሊሰሙን ሆነ። ከወደዱን መጋዘኑ የእኛ ሆኖ ይቀራል፤ ካልወደዱን እህሉ ይመለሳል፣ እኛም እንበተናለን። ጉንደ ወይን ላይ አውቶቡሱ ጭቃ ያዘው። ወርደን ገፋን፤ መምህር የአያ ጥጋቡን ማሲንቆ ካፊያ እንዳይነካው ኮታቸው ውስጥ ደብቀው ቆሙ። ቆሎ ተካፍለን እየበላን ሞጣ ገባን።

የመጀመሪያው ዜማ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሁለተኛው መሐል ላይ ኃላፊው ፈገግ አሉ። አጠገቡ ነበርኩና የአያ ጥጋቡ አንገት ቀስ ብሎ ሲዞር አየሁ። ተነሳ። ከመድረኩ ወርዶ ፊታቸው ቆመና ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ትከሻቸውን ከነቁመታቸው እያነሳ ያሞግሳቸው ጀመር። ኃላፊው ግንባሩ ላይ ብር ለጠፉለት፣ አዳራሹ አጨበጨበ። ዋሽንቶቹ ሊከተሉት ሞክረው ጠፉ። እኔም ክራሬን አቆምኩ። የመምህር እጅ አየር ላይ ቀረ። የት እንደሚያደርጉት የቸገራቸው ይመስል ትንሽ አዩትና ኪሳቸው ከተቱት።

ሲወጡ ኃላፊው አያ ጥጋቡን እያሳዩ፣ «እኚህን ሰውዬ እኛ እንወስዳቸዋለን» አሉ። «ሌላው እንኳ ይቅር፤ ብዙ ነው።»

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አያ ጥጋቡ አጠገባቸው ተቀመጠ። «ሳቁልኝ እኮ፣ መምህር። ሰው ሲስቅልኝ መቀመጥ አላውቅበትም።»

«አውቃለሁ፣ አያ ጥጋቡ» አሉት። ከዚያ እስከ ቢቸና በመስኮት ሲያዩ ገቡ።

እህሉ ተመለሰ። መምህር ዝውውር ጠይቀው ሄዱ፤ ወሬያቸውንም አልሰማሁ። አያ ጥጋቡ ዞን ሄዶ እንደ ድሮው ብቻውን ሲዘፍን ኖረ። እኔም አገባሁ፤ ክራሬ ጭስ ጠጥቶ፣ ክሩ አንድ በአንድ ተበጥሶ አለቀ።

ወደ ድንኳኑ ስመለስ ኪቦርዱ ራሱን ይጫወታል፤ ጎረምሳው ስልኩን ያያል። ማንም ማንንም አያይም። መምህር ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን አልኩ። እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።