የሚያበራው ቫይረስና የአጎቴ ጥያቄ

ይህን የምጽፈው ባጃጅ ውስጥ፣ ዓይናቸው ቢጫ በሆነው አጎቴና በአክስቴ መሀል ተጣብቄ ነው።

ከሆሳዕና ወጥተን ሌሞ ውስጥ የወፍ በሽታ የሚያክሙ የባህል ሐኪም ዘንድ እየሄድን ነው። ሆስፒታል እንሂድ ብዬ ብለምን ማን ሰምቶኝ!

"የጉበት ቫይረስ አይደል እንዴ የምታጠኚው? በይ መድኃኒቱን ስጪያቸው!" አለችኝ አክስቴ።

የላብራቶሪ ሥራዬን አስረዳኋቸው። ቫይረሱ ላይ ብርሃን የሚሰጥ ዘረመል (ጂን) እንቀጥላለን፤ የገባበት የጉበት ሴል ያበራል፤ መድኃኒት ሲሠራ ብርሃኑ ይጠፋል፤ የትኛው ቫይረሱን እንደሚያቆመው በዚያ እናያለን። (ጉራዬ አይጣል ነው!)

አጎቴ ሰሙኝና፣ "ማብራቱንስ ቻልሽበት። እኔ ውስጥ ያለውን ታጠፊልኛለሽ?" አሉኝ።

ስልኬን አውጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እናንተስ፣ ትምህርታችሁ ቤተሰብ ፊት ሲያልቅባችሁ ምን አደረጋችሁ? ቶሎ ጻፉልኝ፤ ባጃጁ ቆሟል፣ የባህል ሐኪሙም መድኃኒት የሞላ ብርጭቆ ይዘው እየመጡ ነው።