አምሳሉ ያልለቀማቸው ጠጠሮች

ኋላ "ጎ" በሚባለው የጠጠር ጨዋታ የሜልቦርን ሻምፒዮን የሆነው አምሳሉ ከሱዳን ሲመጣ የሚያውቀው ገበጣ ብቻ ነበር። ኖርዝ ሜልቦርን፣ ከሚኖርበት ፎቅ ሥር ባለችው አዳራሽ ግን ሚስተር ኦካዳ የሚባሉ ጃፓናዊ ሽማግሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎ ያስተምሩ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሊጠለል ገባ፤ በዚያው ቀረ።

ጨዋታው ለዓይን ቀላል ነው። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ ጠጠር ይዘው በሰሌዳው መስመሮች ላይ በየተራ ያስቀምጣሉ፤ ተከቦ መተንፈሻ ያጣ ጠጠር ይለቀማል። በልማዱ ጥቁሩ የደካማው ነው፤ አምሳሉም ለዓመታት ጥቁር ያዘ። ዳንደኖንግ ካለው ፋብሪካ ሺፍት ጨርሶ ሲመለስ እንኳ ጉም ያለበሰውን የባቡር መስኮት በጣቱ ያሰምር ነበር።

"እኔን ትተህ ጠጠር ባገባህ ይሻል ነበር" ትለዋለች ሚስቱ የሻረግ፣ እየሳቀች።

በ1996 ለከተማው ውድድር ፍጻሜ ደረሰ። ከፊቱ የተቀመጡት ሚስተር ኦካዳ ነበሩ።

ጨዋታው እኩል እንደ ሄደ የሽማግሌው ጠጠሮች ጥግ ላይ ተከበቡ። አንድ ጠጠር ቢጥል ሁሉንም ይለቅማል። እጁን ሲሰድ ግን ቀና ብሎ ኦካዳን አየ። ያስተማሩትን ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት! ይሉኝታ ያዘውና ጠጠሩን ሌላ ቦታ አኖረው።

ኦካዳ ጠጠሩ ያልወደቀበትን ቦታ አዩና እንደታዘነላቸው ገባቸው። ከዚያ "ተሸንፌያለሁ" ብለው ተነሡ፤ እጁንም ሳይጨብጡት ወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜም አዳራሹ ውስጥ አልታዩም።

"ዋንጫ ታቅፎ ለቅሶ የሚቀመጥ አንተን አየሁ!" አለች የሻረግ የዚያን ዕለት ማታ።

"አክብሬያቸው እኮ ነው ጠጠሮቻቸውን ያልለቀምኩት።"

"እንዲህ አድርገህ? ሆን ተብሎ የሚታለፈው ሕፃን ነው፤ የኔ ጌታ።"

አምሳሉ በማግሥቱ ሰሌዳውን ተሸክሞ ኮሊንግዉድ፣ ሽማግሌው ቤት ሄደ። ኦካዳ በሩን ከፈቱለት። እሱም ጠጠሮቹን እንደ ውድድሩ ዕለት ደረደረና፣ ያን የተወው ቦታ ላይ ሲደርስ ጠጠሩን ጣለ።

"ይህን እያየህ ነው የተውከኝ?" አሉ ኦካዳ።

"አዎ። ይቅር ይበሉኝ።"

"በል ልቀማቸው። አንዲት እንዳታስቀር።"

አንድ በአንድ ለቀማቸው። ሽማግሌው ሻይ ሊጥዱ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ከዚያው ሆነው ተጣሩ፦

"ሰሌዳውን ባዶ አድርገህ ጠብቀኝ! ዛሬ ጥቁሩን የምይዘው እኔ ነኝ።"