አባቴን የሚያናግር ቴፕ ሻርጃ ላይ ስገዛ

ከመካነ ሰላም የምወጣ ዕለት ማታ ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር። ግማሹ ሊሸኘኝ፣ ግማሹ አረብ አገር ስደርስ ምን እንደምልክለት ሊያዘኝ። አንዱ ጎረቤታችንማ የጫማ ቁጥሩን እንዳልረሳ እግሩን ደረቴ ላይ ሊለካልኝ ምንም አልቀረው። እናቴ ቶይባ ግን እስኪወጡ ጠበቀች። በሶና ድርቆሽ ከቋጠረችልኝ ፌስታል አጠገብ ቁጭ ብላ ከጉያዋ በጨርቅ የተጠቀለለች ካሴት አወጣች።

“ሁሴንዋ” አለችኝ፣ “የአባትህ ድምፅ እየጠፋኝ ነው። መልኩ አለ፣ አካሄዱ አለ፤ ድምፁን ስፈልገው ግን የለም። አረብ አገር የማይገኝ ነገር የለም ይላሉ። ይችን የሚያናግር ማሽን ፈልግልኝ።”

አባቴ ሸህ ይመር፣ አላህ ይማረውና፣ ዱዓ አድራጊ ነበር። እሱ ከመረቀ ዝናቡ እንኳ ጃንጥላ የያዘውን እየመረጠ ነበር የሚዘንበው። በሕይወት ሳለ የአገር ባህል የሚያጠና እንግዳ መጥቶ ምርቃቱን ቀዳና አንዷን ካሴት ለመታሰቢያ ትቶልን ሄደ። ችግሩ፣ ካሴቷ እኛ የምናውቃት ዓይነት አይደለችም። ዲጂታል ናት፣ ዳት ይሏታል፤ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥ። የመካነ ሰላሙ ቴፕ ጠጋኝ ቴፑ ውስጥ ሲከታት አንድ ፍሬ ሽምብራ ጎተራ ውስጥ የመጣል ያህል ሆነ። የደሴው ደግሞ “ገና ሕፃን ናት፣ ስታድግ አምጧት” ብሎ ሸኘን።

ካሴቷን በደረት ኪሴ ይዤ ሻርጃ ወረድኩ። ኤርፖርት ላይ ጢሙን በማስመሪያ ያሰመረ የሚመስል መኮንን ኪሴን ፈተሸ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“አባቴ ነው።”

ቀና ብሎ አየኝ። “ውስጡ ምን አለ?”

“ዱዓ።”

“ምን ይላል?”

“ወላሂ አልሰማሁትም። ከሰማኸው ለእኔም ንገረኝ።”

ማህተሙን የመታልኝ ከእኔ ለመገላገል ይመስለኛል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሻርጃ ማለት በጀርባዋ የተኛች ምድጃ ናት። እኛ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን እንንቀጠቀጣለን፤ እዚህ ሰው ቆዳውን አውልቆ ሚስማር ላይ መስቀል ያምረዋል። ቀዝቃዛ የሚሉት የቧንቧ ውሃ ሻይ ያፈላል። ሰላምታቸው ደስ ይላል፣ ግን አጭር ነው። ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ ሳይጠይቁ “ያላ፣ ኸላስ” ብለው ያልፋሉ። እኛ ዘንድ እኮ ሰላምታውን ሳይጨርስ ገበያ የተበተነበት ሰው አውቃለሁ!

የዱቄት መጋዘን ሹፌር ሆኜ ተቀጠርኩ። ዕረፍቴ በደረሰ ቁጥር ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበትን ሰፈር አስሳለሁ። “ዳት አለ?” ስል አንዱ የሩዝ መቀቀያ ያወጣልኛል፣ ሌላው የፀጉር ማድረቂያ። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ጠዋት ሐጂ ፈውዚ የሚባል ግብፃዊ ሽማግሌ ከአሮጌ ቴሌቪዥኖች ሥር ጎትቶ አወጣው። ጥቁር፣ ባለ አቧራ፣ አፉ ልክ በካሴቴ መጠን የተሰፋ! ደስታዬን ዋጥ አደረግሁና ፊቴን አኮሳተርኩ፤ ገበያ ላይ የሳቀ ሁለቴ ይከፍላል። አፉን ከፍቼ ውስጡን አየሁ፣ ጎኑን መታ መታ አደረግሁ፣ ዞርኩት።

“ምን እያደረግህ ነው?” አለኝ።

“ዕድሜውን እያየሁ።”

“ማሽን ነው እኮ፣ በቅሎ አይደለም!”

“እኛ አገር ሲሄድ ያልታየ ነገር አይገዛም። እስቲ አስኪደው።”

እየሳቀ አፉን በጥጥና በአልኮል ጠራረገ፣ የራሱን ካሴት ከተተ። አንዲት ዘፋኝ ጆሮዬ ሥር የቆመች ያህል ተነፈሰች።

“የአንተንም ሞክር።”

“አባቴን ሱቅ ውስጥ አላናግረውም። እናቴ ናት ቀድማ የምትሰማው።”

የሐጂ ፈውዚ ሳቅ ቆመ። “እንግዲያው ልንገርህ። ሽማግሌ ማሽን ነው፤ አንዳንዴ የካሴቱን ክር ይበላል። ከበላ አይተፋም።”

ያለችን እሷው አንዲት ካሴት ናት። ግን ይህን ማሽን ካለፍኩት ሌላ የት አገኛለሁ? ገዛሁት። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ሚስቴም ይህን ታነባለች።

በእኛ አገር ደንብ ከብት ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም። ባለቤቱ ፈትቶ ያስቀረዋል፤ አለዚያ የበረቱ በረካ አብሮ ይወጣል። ደጎሎ ገበያ ስንት በሬ የሸጠ የለወጠ እጅ ሻርጃ ስለደረሰ ወጉን ይረሳል? የማሽኑን የመብራት ገመድ ነቀልኩ፣ ጠቀለልኩ፣ በሁለት እጄ ለሐጂ ፈውዚ አስረከብኩ። “በረትህ አይጉደል” ብዬው ማሽኔን አቅፌ ወጣሁ። ሰውየው ገመዱን በእጁ እያገላበጠ ቀረ።

ማሽኑ መገኘቱን በመልእክት ነግሬያቸው ነበርና፣ ከጁምዓ በኋላ ከክፍሌ አገር ቤት ደወልኩ። እህቴ ዘይነባ አነሳች።

“ወንድምዓለም፣ ሰፈሩ ሁሉ እዚህ ነው! እማ የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች።”

“ለማን ብላ?”

“ለአባዬ ነዋ!”

ይህን ጊዜ ማሽኑን ልሰካ ብል ምን ልሰካ?

“በል እንጂ ክፈተው!” አለች ዘይነባ።

“ገመዱን ለባለቤቱ መልሼ…”

እናቴ ከጎን ሰማች። “ደግ አደረግህ! የሰው በረካ ይዞ አይወጣም።”

“እማ፣ ያለሱ እኮ አይናገርም!”

“እንግዲያው ምን ትቆማለህ? ሩጥ!”

ሮጥኩ። በዚያ ሙቀት ጥላዬ እንኳ ደክሞት መንገድ ላይ ቀርቷል። ሐጂ ፈውዚ ሱቁ በር ላይ ገመዱን ይዞ ቆሟል።

“ሐበሻው! በቅሎህ ቆመችብህ?”

ወጉን ሳስረዳው በቁም ነገር አሰበና “ታዲያ አሁን የእኔ በረካ ሊወጣ አይደለም ወይ?” አለኝ። የአንድ ጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ በምትኩ አስያዝኩት። ጫማዬ እያንኳኳ ተመልሼ እንደገና ደወልኩ።

ሰካሁ። ካሴቷን ከተትኩ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ተንጫጫ፣ ቀጥ አለ። ያ ረቢ፣ በላት! ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ አባቴ ኧህ ኧህ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

መካነ ሰላም ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጠፈች።

“ያገር ሰላም አይታጣ” አለ አባቴ፣ ልክ እንደዚያው፣ ከሆዱ። “ላሟ ትታለብ፣ ቡቃያው ያፍራ። የታመመ ይማር። ከቤቱ የወጣ በሰላም ይግባ…” እናቴ ስትንሰቀሰቅ ይሰማኛል። አባቴ ድንገት ቆመ። “ምነው አሚን የሚል ጠፋ? ቶይባ! ኧረ አንቺ ቶይባ! ወዴት ሄድሽ?”

እንግዳው የመጣ ዕለት እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር አሉ። ሲጣራ አልሰማችውም፤ ካሴቷም ላይ መልስ የለም።

“አቤት!” አለች እናቴ በስልኩ። “አቤት ሸህ ይመር! መጣሁ! አሚን፣ አሚን!” ከኋላዋ ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ።

የክፍሌ በር ተደበደበ። አከራያችን አቡ ሳሚ ነው።

“የማላውቀው ሰው ድምፅ ሰማሁ። ያለ ፈቃድ ሰው አስገብተሃል?”

“አባቴ ነው።”

“ቪዛ አለው?”

“ሞቷል።”

አንገቱን አስግጎ አልጋዬን አየ። “እሺ፣ አልጋ ካልያዘ ችግር የለም” አለ፤ ግን አልሄደም፣ በሩን ተደግፎ ማድመጥ ጀመረ።

“ሁሴንዋ” አለች እናቴ፣ ድምፅዋ የሙሽራ ሆኖ፣ “‘ከቤቱ የወጣ ይግባ’ ያላት ላይ እያለቀስኩ አሚን ሳልል አለፈችኝ። እሷን አስደግምልኝ።”

ወደ ኋላ መለስኩት። በዚህኛው ዙር ግን ከእሷ ቀድሜ አሚን ያልኩት እኔ ነበርኩ።