የኦክቡን ዘፈንና የተከለከለው ስንኝ

ታክ ኦክቡን የድንጋይ ከሰል ለቃሚ ነበረች። በኛ በቴቤክ ተራሮች ባሏ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የቀረባት ሴት የምታገኘው ሥራ ይሄ ነው፤ ከሰሉን ተሸክሞ በሚሄደው የማሽን ቀበቶ ዳር ቆሞ ድንጋዩን ከከሰሉ መለየት። እኔ እናቴ ስትታመም በእሷ ቦታ ገባሁና ከኦክቡን ጎን ቆምኩ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ።

ማሽኑ ጆሮ ያደነቁራል። እትዬ ኦክቡን ግን ከማሽኑ በላይ ትዘፍን ነበር። ድምጿ እንደ ሬዲዮ ዘፋኞቹ የለሰለሰ አይደለም፤ ሻከር ያለ፣ አቧራ የቀመሰ ድምፅ ነው። ባሏ ማንሶፕ ጣራው ተደርምሶበት ከቀረ ወዲህ ራሷ ያወጣችው አንድ ዘፈን ነበራት፦

ፈረቃው ወጣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ተሳሳቀ፤
የኔ ሰው ግን አልወጣም፤
በብርድ ልብስ የሸፈንኩት ሩዝ ቀዘቀዘ።

መጀመሪያ የሰማን ቀን አለቀስን። ከዚያ ወዲያ ግን ዘፈኑ የሁላችንም ሆነና እየተቀባበልን እንዘፍነው ጀመር።

አንድ የመከር በዓል ላይ በወረዳው የዘፈን ውድድር ነበረና ገፋፍተን መድረክ ላይ አወጣናት። አንደኛ የወጣችው የርዕሰ መምህሩ ልጅ ናት። ለኦክቡን የአሉሚኒየም ድስት ተሰጣት። ድስቷን ታቅፋ ስትሄድ፣ ከሴኡል ለዳኝነት የመጣው የዘፈን ሸክላ አሳታሚ፣ አቶ ጉ የሚባል ወፍራም ሰው፣ እያለከለከ ደረሰባት።

«እመቤቴ፣ ዘፈኑ የማን ነው?»

«የባሌ።»

«ደራሲ ናቸው?»

«ቆፋሪ ነበር።»

አቶ ጉ ባርኔጣውን አወለቀ። ወር ሳይሞላ ሴኡል ነበርን፤ ብቻዬን አልሄድም ብላ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ዘፈኑ ተቀረጸ። ግን በዚያ ዘመን የዘፈን መርማሪዎች ያልፈቀዱት ሸክላ አይታተምምና ተጠራን።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነው። የገብስ ሻይ በእጁ ቀዳልን።

«ዜማው ግሩም ነው» አለ። «ግጥሙ ግን ጨለማ ነው፣ ወይዘሮ ታክ። አገር እየተገነባ ነው። ማዕድን ቆፋሪ የልማት አርበኛ ነው። ወጣቱ ይሄን ሰምቶ ጉድጓድ መግባት ቢፈራስ?»

«ይፍራ እንጂ! የሚያስፈራ ነው እኮ።»

ጭኗን ቆነጠጥኳት። ዞር ብላም አላየችኝ።

«‹አልወጣም› የሚለውን ‹ይወጣል› ይበሉት። አንዲት ቃል ናት።»

«ጌታዬ፣ ያኔ በእጄ ቧጥጬ ላውጣው ብል ዘበኞቹ ጎትተው መለሱኝ። ዛሬ በአፌ ላውጣው?»

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ካልተለወጠ ሸክላው አይወጣም።»

«ባሌም አልወጣም» አለች እትዬ ኦክቡን። «አብረው ይቅሩ።»

ኮሪደሩ ላይ አቶ ጉ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «እመቤቴ፣ በልጆቼ እለምንዎታለሁ! ምን ላድርግ እኔ?»

ግድግዳውን ተደግፋ አሰበች። «ቃሉን ካልፈለጉት እተወዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሌላ ቃል ግን አላስገባበትም።»

እንደገና ተቀረጸ። «ፈረቃው ወጣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ተሳሳቀ» አለችና እዚያች ስንኝ ላይ ስትደርስ አፏን ገጥማ አንጎራጎረች። እንጉርጉሮ ብቻ። መርማሪዎቹ ሰሙት፤ ቃል የለውም፣ ፈቀዱ። በሸክላው መጨረሻ እንደ ደንቡ አንድ የደስታ ዘፈን ተጨመረበት፤ ስለ ልማት፣ በሕፃናት የተዘመረ።

ሸክላው መንደራችን የደረሰ ቀን ሻይ ቤቱ ጢም አለ። ከፈረቃ የወጡ ወንዶች ፊታቸውን ሳይታጠቡ ገቡ። አሳላፊው ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ። እንጉርጉሮው ሲደርስ፣ ማንም ማንንም ሳያይ፣ ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ፦ «የኔ ሰው ግን አልወጣም!»

እትዬ ኦክቡን በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። አገጯን ከፍ አድርጋ ነበር የቆመችው፤ እንደዚያ ቆማ አይቻት አላውቅም።

ነገሩ በኛ መንደር አላበቃም። ቡሳን ወደብ ያሉ ሴቶች የመጀመሪያውን ቃል የት ያውቁታል? በእንጉርጉሮው ላይ የራሳቸውን አስገቡበት፤ «ጀልባው ግን አልተመለሰም» ይላሉ አሉ። ፋብሪካ የገቡት ልጃገረዶችም ሌላ። ባዶ የተተወችው ቦታ የአገሩን ሐዘን ሁሉ ያዘች። ይሄኔ ነው የበላይ ሰዎቹ የነቁት።

ሁለት ፖሊሶች ሻይ ቤቱ ገብተው ሸክላውን በምስማር ጫሩት። እትዬ ኦክቡን ሰምታ በሥራ ልብሷ መጣች።

«ምኑ ነው የተከለከለው?»

«ማንጎራጎሩ» አለ አንደኛው፣ ራሱም አፍሮ።

«ማንጎራጎርም ቃል ሆነ?»

ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ጆሮው ቲማቲም መሰለ። ነገሩ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። ወሰዷትና ከሳምንት በላይ አቆዩዋት። መድረክ፣ ሬዲዮ፣ ሸክላ፣ ሁሉም ተከለከለ። ከስታ ተመለሰችና ቀበቶው ጋ ቆመች።

«የሴኡሏ ኮከብ መጣች!» ብለን ተቀበልናት። «እስቲ ፊርማሽን!»

«ከሰሉ ላይ ልፈርምላችሁ?» አለችና ዘፈነች። አለቃችን እየሮጠ መጣ።

«ተይ ኦክቡን፣ በኔ ላይ ጦስ አታምጪ!»

«ማሽኑ ይጮሃል፤ ምን ትሰማለህ አንተ?»

ትክ ብሎ አያት። «ምንም አልሰማሁም» ብሎ ሄደ። እሱ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ምንም ሳይሰማ ኖረ።

ብዙ ዓመት አለፈ። አገሩ አደባባይ ወጥቶ መንግሥትን ያስጨነቀበት በጋ መጣ፤ ያን ተከትሎ የተከለከሉት ዘፈኖች ተፈቱ። ከሴኡል ሬዲዮ ስልክ ተደወለላት፤ መጥተሽ ዝፈኚ፣ መኪና እንልካለን አሏት።

«መኪናውን መቅረጫችሁን ጫኑበትና እናንተ ኑ» አለች።

መጡ። በከሰል መልቀሚያው ግቢ፣ በጠራራ ፀሐይ ዘፈነች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ድምጿ ያው ነው። እንጉርጉሮው ቦታ ስትደርስ አፏን ከፍታ ቃሉን አወጣችው፤ «የኔ ሰው ግን አልወጣም»። ደግሞ ሰዎቹ ሳይጠይቋት ባሏን በሙሉ ስሙ ጠራች፤ ማንሶፕ፣ የቾ ማንሶፕ ሚስት ነኝ አለች። ያን ማታ አገሩ በሙሉ በሬዲዮ ሰማው። እኛ ሴቶቹ ቤቷ ተሰብስበን የአሳማ ሥጋ ጠበስን፣ በማኮሊ፣ በሩዝ ጠላችን፣ ሰከርን። እሷ ሬዲዮኑን አላስነካ ብላ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር።

ጉድጓዱ ዛሬ ተዘግቷል። እትዬ ኦክቡን አርጅታለች፤ ዘፈኗ ግን በየካራኦኬ ቤቱ አለ። ልጆቹ እየተቻኮሉ ሲዘፍኑት ካየች ማይክራፎኑን ትነጥቃለች።

«ቀስ በል አንተ! አውቶቡስ ሊያመልጥህ ነው?»

ከዚያ ታሳያቸዋለች። እኔም ከጎኗ እቆማለሁ፤ እንደ ድሮው።