የብሪጂድ ዜማ በአምስት ሰው ትንፋሽ

ብርሃነሽ አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፍሬንች ሆርን የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ተምራለች። ባሏ ስንታየሁ ስፖንሰር አድርጓት ቶሮንቶ ከገባች በኋላ ግን ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር፣ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ስታሽግ ለዓመታት መሣሪያ አልነካችም።

በፈረንጆቹ 2011 አንድ ቅዳሜ በርበሬ ልትገዛ ብሉር ጎዳና ወጣች። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የትራምፔት፣ የትሮምቦንና የቱባ ድምፅ ሰማች። ቆማ አዳመጠች። መሃል ላይ የጎደለ ነገር አለ። እግሯ ዝም ብሎ ወደ ታች ወሰዳት።

«ሆርን የሚነፋ የላችሁም?» አለች።

«ካልጋሪ ሄደብን፤ መሣሪያው ግን አለ» አላት መሪያቸው ዴክላን፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ። አምስተኛቸው ሆነች።

በጸደይ ዴክላን አንድ ሐሳብ አመጣ። እናቱ ብሪጂድ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ነው። አየርላንድ ሳሉ የሚዘፍኑትን የአገር ዜማ ማን ለአምስት መሣሪያ ያቀናብርለት?

«እኔ ልሞክር» አለች ብርሃነሽ። ከአፏ አመለጣት።

አሮጊቷ ዘፈኑላት፤ በስልኳ ቀዳች። ሺፍት ስትገባም ስትወጣም አውቶብስ ላይ እያዳመጠች ማታ ማታ ኖታውን ጻፈች።

«የአየርላንድ ዘፈን አበሻ ሲያቀናብረው!» ሳቀ ስንታየሁ።

«አንተ መጀመሪያ ሰሃኑን እጠብ።»

ለእያንዳንዱ ድምፅ አጃቢ ድምፅ አበጀችለት፤ ምቱንም ቀጥ አድርጋ አሰረችው። ጓደኞቿ ወደዱት። ብሪጂድ መጥተው ልምምዱን እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳመጡና፣ «ያምራል የኔ ልጅ። ግን ወታደር አደረግሽው፤ ሰልፍ ይወጣል» አሉ።

ብርሃነሽ ፊቷ ጋለ። ወዲያው ግን ወንበሯን ሳበችና አጠገባቸው ተቀመጠች። «እባክዎ ደግመው ይዝፈኑልኝ።»

በዚህ ጊዜ አልቀዳችም፤ ትከሻቸውን ነበር የምታየው። ብሪጂድ ደስ ያላቸው ቦታ ላይ ያስረዝማሉ፤ ቃሉን መሃል ላይ ቆርጠው ይተነፍሳሉ። ምቱ እሳቸውን ይጠብቃል እንጂ እሳቸው ምቱን አይጠብቁም።

«እዚህ ላይ ሲያቆሙ ሙዚቃው ዝም ይላል ማለት ነው?»

«የት ዝም ይላል! አባቴ አየር በሚሞላው የከረጢት ዋሽንቱ ከሥር አንዱን ድምፅ ይይዝልኝ ነበር። እኔ ስተነፍስ እሱ አያቋርጥም ነበር።»

ብርሃነሽ ቤቷ ገብታ የጻፈችውን አብዛኛውን ሰረዘች። ዜማውን ለሆርን ብቻ ሰጠች። ትሮምቦንና ቱባ ከሥር አንድ ድምፅ ይይዛሉ፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይቀጥላል። ሁለቱ ትራምፔቶች እስከ መጨረሻው ስንኝ ይጠብቃሉ።

«አንድ ኖታ ብቻ?» አለ ቱባ ነፊው ዙበይር ወረቀቱን እያገላበጠ። «ምነው፣ ምን በደልኩሽ?»

ድምፁ ሳይቆረጥ ከትሮምቦኑ ጋር መቀባበል ግን ሳምንታት ፈጀበት። በመጨረሻ ላቡን እየጠረገ፣ «እንደዚህ የከበደ አንድ ኖታ ነፍቼ አላውቅም» አለ።

የልደቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ብርሃነሽ የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻዋን ነፋች። ሁለተኛው ላይ ብሪጂድ ከተቀመጡበት መዝፈን ጀመሩ። ይህ በኖታው አልነበረም። ብርሃነሽ ሆርኑን ከከንፈሯ አወረደች። የትሮምቦኑና የቱባው ድምፅ ከሥር ቀጠለ፤ የአሮጊቷ ቀጭን ድምፅ በላዩ ሄደ። ትራምፔት ነፊዎቹ እሳቸውን ሲያዩ መግቢያቸው አለፋቸው። ማንም ቅር አላለውም።

ሲያልቅ ብሪጂድ ብርሃነሽን በእጃቸው ጠሯት። ጎንበስ አለችላቸው።

«አሁን የኔ ዘፈን ነው» አሏት። ቀጥለውም፣ «ሌላም አለኝ። መቼ ትመጪያለሽ?»

«ሺፍት የሌለኝ ቀን ሁሉ» አለች።

ሄደችም። በዚያ ክረምት የአምስቱ ቡድን የብሪጂድን ዜማዎች ይዞ በየአረጋውያን መጦሪያው ዞረ። ብርሃነሽ ዌርሃውሱን አልለቀቀችም፤ ስንታየሁም ሰሃን ማጠቡን ለመደው። እያጠበ ከዜማዎቹ አንዱን ያንጎራጉራል፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይስታል፤ እሷም ከሳሎን ሆና ታርመዋለች።