የጓንቱ ድርሻ

ፋይና ዬጎሮቭናን የጎማ ሽታ ያንገሸግሻታል። ከጦርነቱ ማግስት ጀምሮ ሞስኮ ዳርቻ ባለው ፋብሪካ፣ ሰማይ ጥግ ለሚወጡ አብራሪዎች የሚሰፋውን በአየር የሚነፋ ልብስ በሙጫ ስታጣብቅ ኖራለች። ሽታው ከፀጉሯም፣ ከጎመን ሾርባዋም አይለቅም። እሱስ ይሁን፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከጎማው ይልቅ የሚያቅለሸልሻት አለቃዋ ጌራሲም ሉኪች ነበር።

ሙጫው እንዲይዝ ጎማው አስቀድሞ በንጹሕ አልኮል መጠረግ አለበት። አልኮሉ ደግሞ ከመጋዘን ወጥቶ ጠረጴዛዋ ጋ እስኪደርስ እኩሌታው በሰው ጉሮሮ ይወርዳል፤ የጎደለው በውኃ ይሞላል። አገር ያወቀው ነገር ነው። ፋይናም ታውቃለች፣ ዝም ትላለች። ቱ!

የዚያን ዕለት ጠዋት ግን የጠረገችው የልብሱ ጓንት አልደርቅ አላት። ልብሱን ለብሶ፣ አየሩ ተመጥጦ በሚወጣበት ክፍል ውስጥ የሚሞክረው ሰው ደግሞ የገዛ ባሏ ሮዲዮን ነው። እዚያ ውስጥ ስፌት ከለቀቀ የሰው ደም ይፈላል።

«ጌራሲም ሉኪች፣ ይሄ ውኃ ነው! እኔ አላጣብቅም።»

አለቃው ቋሊማውን እያላመጠ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ዛሬ ነው የታየሽ? ተይው፣ ሌላ ሰው ያጣብቀዋል።»

ተጣበቀም። ፋይና ሮጣ ባሏን በሙከራው ክፍል በር ላይ ደረሰችበት።

«ሮዲያ፣ በሞቴ አትግባ! የጓንቱን አልኮል ጠጥተውታል።»

«አንቺ ደግሞ! ለድፍረት አንዲት መለኪያ ብትጎድል ምን አለበት?» ትንፋሹ ፊቷን ገረፋት። ያው አልኮል ነው። እሱ እየሳቀ ገባ።

በመስታወቱ አሻግራ አየችው። አየሩ ሲሳሳ ልብሱ ተነፋ፤ ትንሽ ቆይቶ የቀኝ ጓንቱ ስፌት ተተረተረ። ሮዲዮን አፉን ከፈተ፣ ድምፁ አይሰማም።

«አየር ልቀቁለት! ልቀቁለት እንጂ፣ እናንተ ሰካራሞች!»

መሣሪያው ላይ የቆሙት ሰዎች ለቀቁለት። ተረፈ። ጓንቱን ሲያወልቁለት ግን እጁ ኩፍ ያለ ሊጥ መስሏል።

እዚያ ፋብሪካ ከሞት ለተረፈ ሰው አልኮል ይቀዳል፣ ደንብ ነው። ጌራሲም ሉኪች ከቆለፈው ሳጥን ጠርሙስ አወጣ። ይሄኛውን ውኃ አልነካውም።

«ለነፍስህ!» አለና ቀዳ። ሮዲዮን በዚያ ባበጠ እጁ መለኪያውን ሊቀበል ተንጠራራ።

ፋይና ቀደመችው። መለኪያውን ነጥቃ፣ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን የተቀደደ ጓንት ገለበጠችና አልኮሉን አንድም ጠብታ ሳታስቀር አፈሰሰችበት።

«ጠጣ» አለችው ጓንቱን። «ያንተ ድርሻ ነበር።»

ባሏን ቀና ብላም አላየችው።