አባቴን ያነሳሁበት ቃለ መጠይቅ

ባለፈው ሳምንት ናኦሚ ትሮይቪል ሰፈር ወዳለው የማስተምርበት ክፍል መጣች። ናኦሚ አረጋውያንን መንከባከብ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዷ ናት። እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ እጇ ግን ለበሽተኛ የተፈጠረ ነው። ማልታ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ አግኝታ፣ ለመኖሪያና ለሥራ ፈቃዱ የልምድ ደብዳቤ ተጠይቃለች። ደብዳቤውን ራሷ ጽፋ አምጥታዋለች። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር።

"አንቲ አስቴር፣ ፕሊስ፣ ጀስት ሳይን አድርጊልኝ" አለችኝ።

አነበብኩት። አንድ ዓመት ሠርታለች ይላል። ከእኔ ጋር የሠራችው አምስት ወር ነው። ሌላ ወረቀት አውጥቼ አምስት ወር ብዬ፣ ስለ ትጋቷ የማውቀውንም ሁሉ ጨምሬ ጻፍኩና ፈረምኩላት። አየችው፣ አጠፈችው፣ "ኢትስ ኦኬይ" አለችና ሳትሰናበተኝ ወጣች። ኦኬይ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም ባዶው ክፍል ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ ወደዚያችው ደሴት ለመሄድ፣ እንደዚያው ያለ ወረቀት ይዤ ነበር።

ከሆሳዕና አካባቢ ወደ ጆበርግ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ማቴዎስ ከከተማው ወጣ ባለው ቮስሎሩስ ሰፈር ከአንድ ግቢ ጋራዥ ተከራይቶ ትንሽ ሱቅ፣ እዚህ እንደሚሉት ስፓዛ፣ ከፍቷል። እኔ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሜ ዳቦ፣ ፓራፊን የሚሉትን ላምባና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ማቴዎስ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆነ ሲጋራ አይሸጥም፤ ደንበኞቻችን ይህን እንደ ትልቅ ጥፋት ይቆጥሩብን ነበር። ጠዋት ጠዋት "ሳውቦና፣ ሲሲ" እያሉ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ፣ ማግዊንያ የሚሉትን፣ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንዷም በፍርግርጉ ቀዳዳ አንድ ታቀብለኛለች። ጣቴ ላይ የሚቀረው ዘይት እስከ ቀትር ድረስ ይሸተኝ ነበር።

የጆበርግ ክረምት ዝናብ የለውም። እኛ አገር ክረምት ሲባል ጭቃና ደመና ነው፤ እዚህ ግን ሰማዩ ወለል ብሎ ይጠራል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ ከሚነደው ሜዳ የሚመጣው ጢስ ልብስ ውስጥ ይገባል። ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ እያለ ክፉ ነገር ይመጣል ብሎ የሚያስብ የለም። በዚያ ክረምት ሰፈሩ ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ረብሻ ተነሳና ሱቃችን ተዘረፈች። መደርደሪያውን እንኳ አልተዉልንም። እኔ የተረፍኩት ጎረቤታችን ጎጎ ታንዲ አልጋቸው ሥር ደብቀውኝ ነው። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ እውነትም አያት ሆኑልኝ።

ማቴዎስ እኔን አልጋ ሥር ካገኘኝ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። "እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንቺ ግን እዚህ አትኖሪም" አለኝ። ከተማ መሃል አንድ የአገራችን ሰው ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር፤ ወደ እሱ ወሰደኝ። ማልታ የሚባል አገር መኖሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ማቴዎስ የዳቦ ካርቶን ላይ ጣሊያንን በጫማ ቅርጽ ስሎ፣ ከታች አንዲት ነጥብ አደረገ። "ጫማው ሥር እንደ ጠጠር የቀረችው እሷ ናት።"

ጉዳይ አስፈጻሚው ነገሩን ቀላል አድርጎ አስረዳን። አሠሪው ይቀጥራል፣ አሠሪው ያመለክታል፤ የመኖሪያውና የሥራው ፈቃድ በአንድ ካርድ ላይ ይወጣል። የጎደለው የሥራ ልምድ ብቻ ነው። "እሱን ለእኔ ተዉት" አለ። ሳምንት ሳይሞላ ማኅተም ያለው ደብዳቤ መጣ። ጭራሽ ባልነበረ ክሊኒክ ውስጥ ሦስት ዓመት በሽተኛ ተንከባክቤያለሁ ይላል።

"ማቴ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው" አልኩት።

"አዎ፣ ውሸት ነው። የተዘረፈው ሱቅ ግን እውነት ነው። ዝም ብለሽ ሸምድጂ።"

ሸመደድኩ። የክሊኒኩን ስም፣ የአለቃዬን ስም፣ ስንት አልጋ እንዳለው ሳይቀር። ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር?

ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት ነበር። በዚያን ጊዜ ካሜራ ያለው ኮምፒውተር በየቤቱ ስለሌለ፣ ፎርድስበርግ ሰፈር ከአንድ ሳምቡሳ ቤት በላይ ያለ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየን። ከታች የሚጠበሰው ሽንኩርትና ድንብላል ደረጃውን ወጥቶ ክፍሉን ሞልቶታል። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሴን ለብሼ ተቀመጥኩ፤ ማቴዎስ ካሜራው ከማያሳየው ጥግ ቆመ። የአረጋውያን ቤቱ ኃላፊ ሚስስ ካርመን ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። ፀጉራቸው ነጭ ነው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

የሸመደድኩትን ሁሉ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስኩ። ማቴዎስ ከጥግ አውራ ጣቱን ያሳየኛል። ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉና "አፍሽን ሰማሁት፤ አሁን እጅሽን ልይ" አሉ። "ግማሽ አካሉ የማይሠራ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት ታሻግሪያለሽ? አብሮሽ ሰው አለ?"

ወንድሜ ጫማውን አውልቆ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተጋደመ።

እዚህ ላይ ስለ አባታችን መናገር አለብኝ። አባባ አናጺ ነበር። አንድ ቀን በር እየገጠመ ሳለ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ ግራ ጎኑ አልተመለሰም። እስኪሞት ድረስ አራት ዓመት ያነሳሁት፣ ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ማቴዎስ ከዚያ በፊት ከአገር ወጥቶ ነበር። የስደተኛ ወረቀቱ አገር ቤት ደርሶ ለመመለስ ስለማያስችለው፣ ሕመሙንም ቀብሩንም የሰማው በስልክ ነው። እኔ ከመጣሁ በኋላም ስለዚያ ዘመን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም።

ጎኑ ሄጄ ቀና አደረግሁት። ጉልበቴን በጉልበቶቹ መካከል አስገባሁ፣ ደህናውን እጁን ትከሻዬ ላይ አኖርኩ፣ አገጬን ትከሻው ላይ አስደገፍኩ። ከዚያ ሳላስበው በጆሮው "ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ" ብዬ አነሳሁት። በሀዲይኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ነው። አባባና እኔ አብረን የምንነሳው እንደዚያ እየቆጠርን ነበር። ማቴዎስ ክንዶቼ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ዞር አድርጌ ወንበሩ ላይ በቀስታ አስቀመጥኩት።

"ምን ነበር ያልሽው?" አሉ ሚስስ ካርመን።

"መቁጠር ነው። በቋንቋችን።"

"በክሊኒኩ ያሉት በሽተኞች ይህን ቋንቋ ያውቃሉ?"

የክሊኒኩ ስም ምላሴ ላይ ነበር። ያውቃሉ፣ የአገሬ ሰዎች ናቸው ማለት እችል ነበር፤ ምናልባትም ይታመን ነበር። ግን ያንን ሁሉ ጉልበት ያስተማረኝ አባቴ ነው። አራት ዓመት የተሸከምኩትን ሰው ትቼ የሌለ ክሊኒክን ማመስገን እሱን መካድ ሆኖ ታየኝ።

"ክሊኒክ የለም" አልኩ። "ደብዳቤው ውሸት ነው። ይህን የተማርኩት አባቴን ሳስታምም ነው።"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "በዚህ ወረቀት ልቀጥርሽ አልችልም። ማመልከቻውን ዛሬውኑ እሰርዛለሁ፤ አለዚያ አንቺም እኔም እንጠየቃለን።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "በወግ ተማሪና ራስሽ ጻፊልኝ። በሰው በኩል አይሁን" አሉ። ስክሪኑ ጠፋ።

"ምን አደረግሽ? ምን ነካሽ፣ አስቴር?" አለኝ ማቴዎስ ደረጃው ላይ። በአሮጌው ባኪው፣ የዕቃ መጫኛው ባዶ በሆነው መኪና፣ ወደ ቮስሎሩስ መንገድ ጀመርን። ትራፊክ መብራቱ፣ እዚህ ሮቦት የሚሉት፣ ቀይ ሲሆን ቆምን።

"አባባን እንደዚያ ነበር የምታነሺው?" አለ፣ መንገዱን እያየ።

"አዎ።"

"በቀን ስንቴ?"

"አራቴ። በመጨረሻው ዓመት ስድስቴም ሰባቴም።"

"ይከብድ ነበር?"

"መጀመሪያ ይከብድ ነበር። እያደር ቀለለ። መቅለሉ ነበር የሚያስፈራኝ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው ታክሲ ጥሩምባውን ለቀቀው፤ ሾፌሩ በመስኮት ወጥቶ ተሳደበ። ማቴዎስ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ያለቅስ ነበር። መብራቱ እንደገና ቀይ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ስለ ማልታ ክፉ ነገር አልተናገረኝም። ትሮይቪል ውስጥ አንድ ዓመት ስማር፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው የፖርቱጋል አሮጊቶች በሚኖሩበት ቤት ስለማመድ፣ ሱቁን እንደገና እያቆመ ጠዋት ጠዋት በባኪው ያደርሰኝ ነበር። እውነተኛ ወረቀቴን ይዤ ለሚስስ ካርመን ጻፍኩ። መልሳቸው አጭር ነበር፤ "አስታውስሻለሁ።" ፈቃዱ ከብዙ ወራት ጥበቃ በኋላ ወጣና ሄድኩ።

አራት ዓመት ኖርኩ። ማር የመሰለ ቢጫ ድንጋይ፣ ጨው የቀላቀለ ነፋስ፣ ጠዋት የሚደወሉ ደወሎች። የመጀመሪያው ሳምንት አንዲት አሮጊት ግንባራቸውን ይዘው "ራሲ፣ ራሲ" ሲሉኝ፣ ራሴን ያመኛል ማለታቸው እንደሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ከአማርኛ ጋር ዘመድ የሆነ ቋንቋ እዚያ ባሕር መሃል ይቀመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የተመለስኩት አግብቼ ነው። ባለቤቴ ጆበርግ ነበር፤ እሱን ወደ ማልታ የምወስድበት ፈቃድ ዓመት ሙሉ ጠብቄ ስላልተሳካልኝ፣ እኔው መጣሁ።

እውነት መናገር ሁልጊዜ ዋጋ ያስገኛል ብዬ አላስተምርም። በዚያው ጉዳይ አስፈጻሚ ወረቀት ማልታ የገቡ ሁለት ሰዎች አግኝቻለሁ፤ ደግ ሠራተኞች ናቸው፤ እኔ ልፈርድባቸው አልችልም። ናኦሚም በእኔ አምስት ወር ምክንያት ሥራው ሊያመልጣት ይችላል። ይህን እያወቅሁ ነው የፈረምኩት።

ብዙ ዓመት፣ በዚያ ቀን ያገኘሁት ነገር ምን ነበር ስባል፣ ኋላ በእውነተኛ ወረቀት የወጣልኝን ፈቃድ እጠራ ነበር። አሁን ግን ያን ቀን ያገኘው ማቴዎስ ይመስለኛል። አባቱ ታሞ ያልደረሰ፣ ሞቶ ያልቀበረ ልጅ፣ ከአግዳሚ ወንበር ወደ ወንበር እስኪሻገር ባለችው ጊዜ፣ ዘግይቶም ቢሆን አባቱ አልጋ ዘንድ ደረሰ።